ባለሙያው ከየት ይምጣ?

በአገራችን በነፃ ከሚታደሉ ምክሮች ሁሉ በጣም ጨዋ የሚመስለው “ለባለሙያ ተወው” የሚለው ነው። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ልታጠብቅ ጎንበስ ስትል ያየህ ጎረቤት፣ የተበላሸች ሬዲዮ ከፍተህ ሆዷን ስትመለከት የደረሰ ዘመድ፣ ሁሉም እኩል ይነሳብሃል። “ኧረ ተው! ለባለሙያ ተወው!” ምክሩን ሙሉ በሙሉ ልጥለው አልተነሳሁም። ጥርሱን ያመመው ሰው ጉጠት ይዞ ጎረቤቱ ዘንድ ይሂድ አልልም። ነገር ግን ይህቺ ምክር ከልጅነታችን ጀምራ እጃችንን አስራ ኖራለችና ዛሬ ከእሷ ጋር ጠብ አለኝ። ጠቤ በአንዲት ጥያቄ ይጠቃለላል። ለመሆኑ ባለሙያው ራሱ ከየት መጣ? ከእናቱ ማህፀን ካቻቢቴ ጨብጦ ወጣ እንዴ?

ነገሩን በማውቀው ምሳሌ ላስረዳ። እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ቦታውን ለማታውቁት፣ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ዕጣ የወጣባቸው ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከሚገኙባቸው ሥፍራዎች አንዱና እጅግ አነጋጋሪው ነው፤ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረትም ስሙ ለአንዱ ክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኗል። ትናንት የእርሻ መሬት በነበረው በዚህ ሥፍራ ዛሬ ብሎክ በብሎክ ላይ ተደርድሯል። ከእነዚህ ብሎኮች በአንዱ፣ ማለትም በእኔው ውስጥ፣ በሜካኒካል ምሕንድስና የተመረቀ ወጣት አለ። ዲግሪው ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተከልሎ ተሰቅሏል። ልጁ ዓመታት ሙሉ ስለ ሞተር ተምሯል። ሞተር ግን በእጁ ፈትቶ አያውቅም። “ጋሼ፣ በስላይድ አይቼዋለሁ” ነው ያለኝ።

ይህ ልጅ ታዲያ አንድ ቀን ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ያማሃ ዲቲ 125 እየገፋ መጣ። እንዲህ ዓይነቷን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። አንድ ዘመን የእርሻ ሠራተኛውም፣ የተራድኦ ድርጅቱ ሠራተኛም በየገጠሩ የሚጋልባት ነበረች። በጨረታ ተሸጣ፣ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ፣ በመጨረሻ ፒስተኗ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ቀርቶ ቆማለች። ዕቃዋ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ልጁ መርካቶ ወርዶ 125 ሲሲ የሆነ የቻይና ሞተር ገዛና “የሞተሬን ሞተር ልቀይር ነው” አለን።

እዚህ ላይ የቋንቋ አስተማሪነቴ ትንሽ ያስቸግረኛል። ተሽከርካሪዋንም “ሞተር”፣ ሆዷ ውስጥ ያለውንም “ሞተር” ካልን አንባቢ ግራ ይጋባል። አማርኛ ከድምፁ የቀዳው “ዶቅዶቄ” የሚል ግሩም ቃል ነበረው። ለዛሬ እሱን እመልሰዋለሁ። ዶቅዶቄ ስል ተሽከርካሪዋን፣ ሞተር ስል የሚነዳትን ማለቴ ነው።

ጀማሪ ሰው ሞተር መቀየር ማለት አንዱን አውጥቶ ሌላውን መክተት ይመስለዋል። ልጁም እንደዚያ መስሎት ነበር። አሮጌውን አወጣ፤ አዲሱን ሲያስገባ የሞተሩ ጆሮዎችና የሻንሲው ቀዳዳዎች አልተገናኙም። ላሜራ አስቆርጦ ማቀፊያ አስበየደ። ከዚያ የፊተኛው ፒኞንና የኋለኛው ኮሮና አንድ መስመር ላይ አልዋሉም። ጥቂት ሚሊ ሜትር መዛነፍ ምንም ይመስላል፤ ካቴናው ግን አይምርም። ጥርስ ይበላል፣ ሲብስም በጉዞ ላይ ወልቆ የኋላ ጎማ ይጠፍራል። ደግነቱ የልጁ ካቴና የወለቀው ግቢ ውስጥ፣ ዶቅዶቄዋ ቆማ በእጅ ስትሽከረከር ነበር። እንደገና ፈታ፤ ክር ወጥሮ መስመሩን ለካ፤ ቶርኖ ቤት ሄዶ በልኩ ሮንዴላ አስወጣ።

ቀጥሎ ኤሌክትሪኩ መጣ። የዶቅዶቄዋ ነባር መስመር የ6 ቮልት፣ የአዲሱ ሞተር የ12 ነበር። አምፖሎቹ ቦግ ብለው ጠፉ። በአንድ ምሽት ሦስት አምፖል አቃጥሎ ስለ ቮልቴጅ የተማረውን ነገር የትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አላስተማረውም። ከዚያ ደግሞ ሞተሩ ይነሳና ያፍናል፤ ካንዴላው በወጣ ቁጥር ጥላሸት ለብሶ ይገኛል። ምክንያቱን ለማግኘት ሳምንት ፈጀበት። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አየራችን በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ አየር የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። ቤንዚን የሚለቀውን ቀዳዳ በአነስተኛ ሲቀይረው ካፈና ወጣ። አሮጌው ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለነበር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አቀላቅሎ ያቃጥል ነበር፤ አዲሱ ባለ አራት ምት ነውና ዘይቱ ለብቻው ሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ይህንን ልዩነት ልጁ ለፈተና ሸምድዶት ነበር። የገባው ግን እጁ ዘይት ሲነካ ነው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ዶቅዶቄዋ ተነሳች። በዚያው ሳምንት የግቢው ኮሚቴ ማስታወቂያ ለጠፈ። በግቢው የጋራዥ ሥራ መሥራት ክልክል ሆነ።

ኮሚቴውን አልሳደብም። ዘይት ወለል ላይ ፈሷል፤ ድምፅ ነበር፤ ሕፃናት ይሮጣሉ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶቻችን ሲነደፉ በየብሎኩ አጠገብ “ኮሙናል” የምንለው የጋራ መገልገያ ቤት ተሠርቶላቸዋል። ልብስ እንድናጥብበት፣ በግ እንድናርድበት፣ ምግብ እንድናበስልበት ተብሎ ነው። መልካም አሳቢነት ነው፤ አልነቅፍም። ግን ተመልከቱ፤ በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ለምናርደው በግ ቦታ ያዘጋጀ አእምሮ፣ ዓመቱን ሙሉ ለሚበላሸው ብስክሌት፣ ለሚሰበረው ወንበር፣ ለሚነክሰው ሞተር አንዲት ጠረጴዛ አላሰበም። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በሚኖሩበት መንደር ለእጅ የሚሆን አንድ ክፍል የለም። ወጣቱ የት ይዋል ብለን እንጨነቃለን፤ ጫት ቤትና ፑል ቤት ሞላ ብለን እናማርራለን። ቁልፍ ይዞ ግቢ ውስጥ የተገኘውን ግን በማስታወቂያ እናባርረዋለን።

የልጁ አባት ደግሞ ሌላ ቁስል አለባቸው። “ያስተማርኩት ዘይት ውስጥ እንዲገባ ነው?” ይላሉ። እኚህ ደግ ሰው ብቻቸውን አይደሉም፤ ከኋላቸው የብዙ ዘመን ሰልፍ አለ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻችንን የሠራውን፣ ሸክላ ሠርታ ያበላችንን፣ ሸማ ሠርቶ ያለበሰንን “ቡዳ ነው” ብለን ከማዕድ ያገለልን ሕዝብ ነን። “ጠይብ” የሚለውን ስድባችንን እስቲ ልብ በሉት፤ “ጠቢብ” ከሚለው ምስጋናችን ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። አንዱን ቃል ለሁለት ከፍለን፣ ለተናጋሪው ጠቢብ፣ ለሠሪው ጠይብ አልን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ዘመን ነው የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባችው። ንጉሡ መኪና ቢገባ የሚጠግነው ሰው ከሚሰደቡት መካከል እንደሚወጣ ሳይገባቸው አልቀረም። እነሆ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ቀረ እንጂ ንቀቱ አልቀረም። ዛሬ ቡዳ አንልም፤ “ዲግሪ ይዞ?” እንላለን።

ወደ ኋላ ከሄድን አይቀር፣ እስከ ጋፋት እንሂድ። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ያሉትን የውጭ ሚስዮናውያን መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው ሰዎቹ ሙያው የለንም ብለው ነበር። እውነታቸውን ነው፤ የእጅ ሥራ ያውቃሉ እንጂ መድፍ አቅልጠው አያውቁም። ንጉሡ ግን “እንግዲያው ለባለሙያ ልተወው” አላሉም። ሥሩ አሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ። እንደገና ተሞከረ፤ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ወጣች። የመድፏ ዓላማና መጨረሻ ያከራክር፤ ስለ ጀማሪ ግን ታሪኩ ያስተምረናል።

“ያ የንጉሥ ግዳጅ ነው” ለሚለኝ ደግሞ ወደ ሰፈር ጋራዥ እወስደዋለሁ። እስቲ ጆሯችሁን ጣሉ። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ቴስታታ። ሁሉም የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያን እዚህ ገዥ ሆኖ የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ብቻ ነው፤ ከዚያም በኋላ ግን ብዙ ጣሊያናዊ መካኒኮች በየጋራዡ ቀርተው ሠርተዋል። እነዚህን ቃላት ማን አመጣቸው? የመማሪያ መጽሐፍ አላመጣቸውም፤ ዩኒቨርሲቲም አልተረጎማቸውም። ያመጣቸው ረዳቱ ነው። ከመኪናው ሥር ተኝቶ “ካቻቢቴ አቀብለኝ” ሲባል ሮጦ የሚያቀብለው፣ የተሳሳተውን ሲያቀብል የሚኮረኮመው ያ ልጅ ነው። ቃሉን በጆሮው፣ ሙያውን በእጁ ወሰደ። ጣሊያኑ ሄደ፤ ረዳቱ ባለሙያ ሆኖ ቀረ። እሱም በተራው ረዳት ያዘ። እኔ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ውሰት ቃላት ብዙ አውርቻለሁ፤ ከጋራዥ ቃላት የበለጠ ውሰት ከሥራ ጋር ሲገባ የሚያሳይ ምሳሌ ግን አላገኘሁም። የአገራችን መኪና ሁሉ የቆመው በእነዚህ ጀማሪዎች ትከሻ ላይ ነው።

ከአገር ውጭም እንሂድ ካላችሁ፣ የጃፓኑን ሶይቺሮ ሆንዳን እንጥራ። አባቱ ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ብስክሌትም ይጠግኑ ነበር። ልጁ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1922፣ በ15 ዓመቱ፣ ቶኪዮ ውስጥ አንድ ጋራዥ ረዳት ሆኖ ገባ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1946፣ ጦር ሠራዊት የሬዲዮ መብራት ያመነጭባቸው የነበሩ ትናንሽ ሞተሮችን ሰብስቦ ብስክሌት ላይ ይገጥም ጀመር። ልብ በሉ፤ የዓለማችን ትልቁ የሞተር ብስክሌት ፋብሪካ የተጀመረው ለዚያ ነገር ያልተሠራ ሞተር እዚህ ነገር ላይ በመግጠም ነው። የጎረቤቴ ልጅ መርካቶ የገዛው የቻይና ሞተርም ቢሆን ዘሩ ቢቆጠር እዚያው ይደርሳል። ቻይናዎቹ አብዝተው የቀዱት ሆንዳ በ1970ዎቹ እንደ እኛ ላሉ፣ ጥገና ለሚያንሳቸው አገሮች ብሎ ያወጣውን ሲጂ 125 የተባለ ሞተር ነው። የቀጥቃጩ ልጅ ኮሚቴ ገጥሞት ቢሆን ኖሮ እንጃ።

ወደ ራሳችን ልመለስ። መንግሥት ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 70 በመቶው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚል ፖሊሲ ተከተለ። ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነበርኩና ከ30 በመቶው ወገን ነኝ። ዛሬ ለሰባው ወገን እከራከራለሁ። ቡሎን ሳያስፈቱ በሞተር ማስመረቅ ግጥም ሳያስነብቡ በሥነ ጽሑፍ ከማስመረቅ በምን ይለያል? አንድ ሞተር ለአንድ ክፍል ተማሪ፣ እሱም እንዳይበላሽ ተቆልፎ! የማይበላሽ ሞተር ምን ያስተምራል? የድሮዎቹ ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ስሙን “ተግባረ ዕድ” አሉት፤ የእጅ ሥራ ማለት ነው። ዛሬ ግን እጅ ከትምህርቱ የወጣ ይመስላል።

አሁን ወደ ከባዱ ተቃውሞ ልምጣ። “ጀማሪ የገጠመው ሞተር ሰው ይገድላል” ይሉኛል። ይገድላል። ያልጠነከረ ብየዳ መንገድ ላይ ይለቃል፤ ለትንሽ ጉልበት የተሠራ አሮጌ ፍሬን የትልቅ ሞተር ፍጥነት አያቆምም። ሌላም አለ። የተሰረቀ ዶቅዶቄ ሞተሩ ወልቆ ሌላው ላይ ይገጠማል። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ብስክሌት እየታገዘ ቅሚያ ሲበዛ፣ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተር ብስክሌት እንዳይንቀሳቀስ መታገዱንና ኋላ ፈቃድ ላላቸው መፈቀዱን እናስታውሳለን። ሥጋቱ ባዶ አይደለም።

መልሴ ግን ይህ ነው፤ ሥጋቱ ቁጥጥር ይጠይቃል እንጂ ክልከላ አይጠይቅም። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 አለን። ሊብሬ ላይ የሻንሲም የሞተርም ቁጥር ይሰፍራል። ስለዚህ ሞተር የቀየረ ሰው ቁጥሩን ማስለወጥ አለበት። ትክክል ነው፤ ሌባ የሚያዘው እንደዚህ ነው። ልጁም ይህንኑ ሊያደርግ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደ። አንዱ መስኮት ወደ ሌላው መስኮት ላከው። የገዛበትን ደረሰኝ አሳየ፤ የአስመጪው ሰነድ ይምጣ ተባለ። ሱቁ የአስመጪውን ሰነድ አልሰጥም አለ። ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በመጨረሻ አንድ አዛኝ ሰው በጆሮው “የድሮውን ቁጥር ለምን አታስመታበትም?” አለው። አያችሁ? ሐቀኛው ጀማሪ ሕጋዊ ለመሆን ሲል ወንጀል ተመከረ! ልጁ ይህን አላደረገም። ዶቅዶቄዋ በሸራ ተሸፍና ቆማለች። የሚፈራው ሌባ ግን በመስኮቱ ሰልፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። ቁጥር ማስመቻውን ያውቀዋል። እንግዲህ አሠራራችን ማንን ከመንገድ አስወጣ?

መፍትሔው የሮኬት ሳይንስ አይጠይቅም። ሞተር ቀየርኩ የሚል ሰው ሲመጣ ቁጥሩ ከተሰረቁት ጋር ይመሳከር። ብየዳው ይታይ፤ ካቴናው ይታይ፤ ፍሬኑ በተግባር ይፈተን። ያለፈው ይመዝገብ፤ የወደቀው ምን እንደጎደለው በጽሑፍ ተነግሮት አስተካክሎ ይመለስ። ለዓመታዊ ቦሎ ምርመራ የሚያደርግ አገር ይህን ማድረግ አያቅተውም። መርማሪው እግረ መንገዱን አስተማሪ ይሆናል። ጀማሪ ከነሥጋቱ የሚፈተንበት በር ሲዘጋበት በጨለማ ይሠራል፤ ሰው የሚገድለውም የጨለማው ሥራ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንዲት አሮጌ ዶቅዶቄ ነው ወይ? አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ውሳኔዎቹ ይደገፉም ይነቀፉ፣ አንድ ውጤት አላቸው፤ እጃችን ላይ ያለው የነዳጅ ተሽከርካሪ ለብዙ ዓመታት እየተጠገነ ሊኖር ነው። በሌላ በኩል የሚገባው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪም ዘላለማዊ አይደለም። ባትሪው ይደክማል፤ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል። ያን ጊዜ ማንን ልንጠራ ነው? ለእሱ ባለሙያ ገና አልተወለደም፤ መወለድ ያለበት አሁን ነው፤ የሚወለደውም ዛሬ የማይገባውን ነገር ከፍቶ ለማየት ከማይፈራ ልጅ ነው።

“ባለሙያ” የሚለውን ቃል እናቶቻችን ከእኛ በላይ ያውቁታል። አንዲት ሴት ባለሙያ ናት ሲባል ምስክር ወረቀት አምጪ የሚላት የለም። ወጧ ይመሰክራል። ግን ያቺ ሴት ልጅ ሳለች ስንት ሽንኩርት አሳርራለች? ስንት ሊጥ አቡክታ እንጀራዋ ዓይን እንቢ ብሏታል? እናቷ “ለባለሙያ ተዪው” ብላ ከምድጃው ብታባርራት ኖሮ ዛሬ ማን ያበላን ነበር? በምድጃ የምናውቀውን ጥበብ በጋራዥ ስንደርስ ለምን እንረሳዋለን?

ስለዚህ የየብሎኩ ኮሚቴዎች ሆይ፣ ክልከላችሁን በደንብ ለውጡት። ከኮሙናሉ አንዲት ጥግ ስጡ፤ ዘይት መቀበያ በርሜል አስቀምጡ፤ የሥራ ሰዓት ወስኑ፤ ያቆሸሸ ያጽዳ በሉ። የመመዝገቢያ መሥሪያ ቤቶች ሆይ፣ ለሐቀኛው ጀማሪ አንዲት መስኮት ክፈቱ። ዩኒቨርሲቲዎች ሆይ፣ የቆለፋችሁትን ሞተር ፍቱት፤ ይበላሽ። አባቶችም፣ የልጃችሁ እጅ ጠቁሮ ስታገኙት ከመቆጣታችሁ በፊት ምን እንደፈታ ጠይቁት። መልሶ መግጠም ካቃተው ቁጭ በሉና አብራችሁ ፈልጉ።

ይህን ማድረግ ካልፈለግን ደግሞ ቢያንስ ምክራችንን እንተው። ጀማሪውን ከግቢ አባርረን፣ ከመስኮት መልሰን፣ በዲግሪው አሸማቅቀን ስናበቃ “ባለሙያ ጠፋ” ብለን የማማረር መብት የለንም።